የአክስት ኪኑ ግድግዳ

ይህ ታሪክ ከእግሩ እስከ ራሱ እውነት ነው። ለማመን የሚከብድ ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው እዚያው ቦታ ላይ ከብዶኝ እንደነበር አስቡልኝ። ከዋሸሁ የዘንድሮው የመጀመሪያ በረዶ ሲጥል በረዶ በሚያንሸራትተው የበጋ ጎማ ቁልቁለት ላይ ያግኘኝ፤ ሰሜን ጃፓን፣ ሳፖሮ የኖረ ሰው ይኼ ምን ዓይነት መሐላ እንደሆነ ያውቃል። የነገረኝ ራሱ ሾጂ ነው። አንድ ጎሚስታ ውስጥ አብረን እንሠራለን፣ እሱ ጎማ ይፈታል፣ እኔ ነፋስ እሞላለሁ፣ በመሀል ወሬ እንለዋወጣለን። ሾጂ ለመዋሸት የሚሆን ምናብ የለውም። ምናቡ ያለው እኔ ጋ ነው፣ ዛሬ ግን እቤት ትቼው መጥቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤት የኪራይ ሕንፃዎች ባንዱ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነው። ሾጂ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንገቱ አጭር፣ መዳፉ ሰፊ፣ ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ካሳደጉት አክስቱ ጋር ይኖራል። አፈር በተሞላ የዓሣ ሣጥን ፊት ቁጢጥ ብሎ ዕቃ እየሸኘ ነበር። አፈሩ ላይ ሦስት የአኻያ እንጨቶች ተሰክተዋል፤ በቢላዋ ተልጠው ልጣጩ ሳይቆረጥ ስለተተወ እንደ ሽማግሌ ጢም ተጠቅልሎ ወርዷል። ስምንት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ባህል ማዕከል ሄዶ የአያቶቹን፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ሆነው ሲናቁ የኖሩትን የአይኑዎችን ነገር ይማራል፤ ከተማረው ሁሉ ልቡ ውስጥ የገባው ይኼ ዕቃ መሸኘት ነው። አያቶቹ አንድ ዕቃ ሲሰበርባቸው አሽቀንጥረው አይጥሉትም ነበር። ዕቃው ነፍስ አለው፣ አገልግሏል፣ አሁን ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ስለዚህ ምስጋና ይነገረዋል፣ ለመንገዱ ጭብጥ ሩዝና ጠብታ ሳኬ፣ ማለትም የሩዝ መጠጥ፣ ይሰጠዋል፣ ነፍሱ መውጫ እንድታገኝ ደግሞ ጠርዙ ሰበር ይደረጋል። ሾጂ እስከዚያ እሑድ ድረስ አንድ ጃንጥላ፣ ሁለት የሩዝ ማንኪያ፣ አንድ ካውያ፣ የማንቂያ ሰዓትና የግራ እግር የሥራ ጫማ ሸኝቷል። ነፍሳቸው ከሄደች በኋላ ሬሳቸው በከተማው ደንብ መሠረት ቢጫ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ባለ አርባ ሊትሩ ሰማንያ የን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለእሳቷ አያት፣ ምድጃ ውስጥ ለምትኖረው መንፈስ፣ መንገር ግድ ነው፣ እሷ ናት መልእክቱን የምታደርሰው፤ ሾጂም ቡታጋዙን ለኩሶ፣ ሰማያዊው ነበልባል ፊት ጎንበስ ብሎ፣ በሐሙሱ ትምህርት ቋንቋ አራት ዓረፍተ ነገር ያህል ይነግራታል። አምስተኛው ገና አልተማረም።

የሚሸኙት ዕቃዎች እሑድ እስኪደርስ በር አጠገብ፣ ጫማ መደርደሪያው ላይ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጠብቃሉ። በዚያን ዕለት ቆርቆሮው ውስጥ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ነበር፤ ከማበጠሪያው አጠገብ ደግሞ የአክስት ኪኑ የመስሚያ መሣሪያ ተቀምጧል፣ ባቄላ የምታክል ነገር ናት። ሾጂ አንስቶ ጆሮው ውስጥ ከተታት፤ ጭጭ። ጫን አላት፤ ጭጭ። ከዚያ ያሰበውን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አክስቱ ራሳቸው ለሽኝት ያስቀመጡለት መሰለው። ስምንት ወር ሙሉ ቁጢጥ ባለ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያዞሩ የከረሙ ሴት፣ አንድ ቀን እንኳ «ምን እያደረግክ ነው» ሳይሉ የከረሙ ሴት፣ በመጨረሻ አንድ ዕቃ በገዛ እጃቸው ሲያዋጡ ልቡ ራራ። ስለዚህ ለመሣሪያዋ ከጃንጥላውም ከካውያውም የረዘመ ምስጋና አደረገ፣ ሳኬውን እጥፍ አፈሰሰ። ከዚያ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ መታት። ጠርዟን ሰበር ማድረግ ነበር የፈለገው። የጎሚስታ እጅ ግን የብሎን እንጂ የባቄላ ልክ አያውቅም፤ መሣሪያዋ ደቀቀች።

አክስት ኪኑ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የሌሊት ልብሳቸው ላይ ሹራብ ደርበው ወጡ፣ ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ሄዱ፣ እጃቸውን ከተቱ፣ ብስኩት ያጣ ሰው ይመስል ዳበሱ። ከዚያ የበረንዳውን በር ከፍተው ቆሙ። የዓሣ ሣጥኑ ውስጥ ሩዝ፣ ሳኬ፣ የተሰባበረ ፕላስቲክና አንዲት ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ታች መንገዱ ላይ አንድ ሰው መኪናውን ያጥባል።

«በሕይወት ነበረች እኮ፣» አሉ አክስት ኪኑ። «ባትሪ ነው ያለቀባት። ስወጣ እንዳልረሳት ብዬ ነው በር ላይ ያስቀመጥኳት።»

ሾጂን ያስደነገጠው ነገሩ አይደለም፤ ድምፁ ነው። አክስቱ በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አንድ ጣት ከፍ ብሎ አያውቅም። «ቀስ በል፣ ግድግዳው ቀጭን ነው» ሲሉ ነው ያሳደጉት፤ ከዚህ ቤት በፊት በነበረው ቤትም፣ ከዚያም በፊት በነበረው ቤት፣ ግድግዳው ሁሌ ቀጭን ነበር። ያለ መሣሪያዋ ግን የራሳቸውን ድምፅ አይሰሙትም፤ የማይሰሙትን ድምፅ ደግሞ ልኩን አያውቁትም። አሁን የወጣው ድምፅ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው የሚጠሩበት ዓይነት ነው። ወፍራም ነው፣ ትንሽ የሻከረ፣ ከሳቸው አካል ሁለት እጥፍ የሚተልቅ። ሾጂ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወረቀት ገልብጦ «ይቅርታ። ነገ እገዛለሁ» ብሎ ጻፈ።

«ነገ ስትገዛ ነገ ጆሮዬ ውስጥ አይገባም። በልክ ሲሠሩት አሥር ቀን ነው፣ ያኔም አሥር ቀን ነው የፈጀው። መቶ ስልሳ ስምንት ሺህ የን ደቆስክ።» ጎንበስ ብለው ሣጥኑን አዩ። «ይኼ ሩዝ ጥሬ ነው?»

ሾጂ አዎ ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሬ ሩዝ ለመንገደኛ የሰጠው ማነው? የት ታበስለው? እኛ ቤት የበሰለ ነበር የሚሰጠው፣ ያውም ትኩሱን። ማነው ያስተማረህ?»

ያስተማረችው ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቋንቋውን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከመጽሐፍና ከድሮ ካሴት የተማረች ጎበዝ ልጅ ናት። ይኼን በወረቀት መጻፍ ስላልቀለለው ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ። ሐሳቡ ግን ሌላ ቦታ ሄዷል። አክስት ኪኑ ስምንት ወር ሙሉ «እኔ ምንም አላውቅም፣ ልጅ ሆኜ ነው ሳሩ ከሚባለው ወንዝ ዳር የወጣሁት፣ ሌላ ሰው ጠይቅ» ሲሉት ነው የከረሙት። አያታቸው ማታ ማታ የሚያዜሙት ረጅም የጀግና ታሪክ እንደነበረና አክስት ኪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚያውቁት ዘመድ ሁሉ ያወራል። ሾጂ በልመና፣ በቅሬታ፣ አንድ ጊዜም በሁለት ሺህ የን የዓሣ እራት ሞክሯል። መልሱ አንድ ነው፤ ግድግዳው ቀጭን ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ወይዘሮ ኦኖዴራ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ ሱሪ በማሳጠር የሚተዳደሩ፣ ለአክስት ኪኑ በዚህ ከተማ ያሏቸው ብቸኛ ወዳጅ። ማክሰኞ አብረው ሻይ ይጠጣሉ፣ የሱሞ ትግል ሲኖር አብረው ያያሉ፣ መኸር ሲመጣ ኦኖዴራ በጨው የዘፈዘፉትን ፍጅል በሰሃን ያመጣሉ። አክስት ኪኑ ማን እንደሆኑ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ነግረዋቸው አያውቁም፤ ከየት ነሽ ሲባሉ «ከባሕሩ ዳር» ይላሉ፤ ባሕሩ ዳር ደግሞ ረጅም ነው። ሾጂም በሐሙስ የሚያስረውን ባለ ጥልፍ የራስ ማሰሪያ ሽንት ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከፎጣ ሥር ደብቆ ነው የሚያስቀምጠው፣ እሳቸው ስላዘዙት። አንድ ወዳጅ ነው ያላቸው፤ ያን ወዳጅ እንዳያጡ ነው ይኼ ሁሉ።

ቁርስ ላይ ሩዝ፣ የባሕር አረም ሾርባና የኦኖዴራ ፍጅል ቀረበ። አክስት ኪኑ አንዷን ፍጅል ነክሰው ለረጅም ጊዜ አኘኩ። «ኦኖዴራ ዘንድሮም ጨው በአካፋ ነው የጨመረችው፣» አሉ፣ በዚያ በአዲሱ ድምፃቸው። «ሃያ ሁለት ዓመት ጨው በላሁ። ሴትየዋ ደግ ናት፣ ምላሷ ግን ሞቷል።» ከግድግዳው ወዲያ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ። ሾጂ ዱላዎቹን አስቀመጠ፣ የሚበላባቸውን ማለቴ ነው። ወረቀት ስቦ «ድምፅዎ ጎረቤት ድረስ ይሰማል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀና ሲል አክስቱ ሰሃኑን ወደ እሱ እየገፉ ፈገግ ብለዋል። ጮክ ብለው የተናገሩ ስላልመሰላቸው ሳይሆን፣ ዝም ብለው ደስ ብሏቸው። እንዲህ ጥርሳቸው እየታየ ፈገግ ሲሉ ካየ ቆይቷል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከምሳ በፊት እሰጣቸዋለሁ ብሎ ነው።

ረፋዱ ላይ ለምሳ ሊገዛ ወረደ። የሳልሞን ጭንቅላት መቶ ዘጠና ስምንት የን፣ ድንች፣ አንድ ትልቅ ደብተርና ወፍራም ማርከር ገዛ፤ አሥር ቀን በሱፐርማርኬት ወረቀት ጀርባ መነጋገር አይቻልም። ሲመለስ ገና ሕንፃው ሥር ሳይደርስ ሰማው። የአራተኛው ፎቅ መስኮት ለአየር ተከፍቷል፣ ከመስኮቱ ዜማ ይወርዳል። ከፍ ዝቅ የማይል፣ እንደ ሰው እርምጃ የሚሄድ፣ አንድ ትንፋሽ ላይ ብዙ ቃል የሚጭን ዜማ ነው። ሾጂ ከቃሉ አንድ አምስተኛውን ያዘ፦ ወንዝ፣ ታላቅ እህቴ፣ ጭጋግ፣ ስድስት ቀን። ከረጢቱን ይዞ ብስክሌቶቹ መሀል ቆመ። ስምንት ወር የለመነው ነገር በመስኮት እየፈሰሰ ነው። ሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰውዬ አንገቱን አወጣ።

«የማነው ቴሌቪዥን እንዲህ የሚጮኸው?»

«እንጃ፣» አለ ሾጂ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ።

አራተኛው ፎቅ ላይ ወይዘሮ ኦኖዴራ በሩ ፊት ቆመዋል፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሚነበበውን የሰፈር ማስታወቂያ ሰሌዳ በብብታቸው ይዘው። አያንኳኩም፣ ቆመዋል ብቻ።

«ዛሬ እናንተ ቤት ሞቅ ብሏል፣» አሉ።

«ሬዲዮ ነው። አሁን እዘጋዋለሁ፣ ይቅርታ።»

«ሬዲዮ?»

«አሮጌ ሬዲዮ።»

«ሬዲዮው የኔን ፍጅል ጨው በዝቶበታል ይላል እንዴ?» አሉ ኦኖዴራ። ሾጂ ሲያፍር አንገቱ የባሰ ያጥራል። አሮጊቷ ሰሌዳውን አቀበሉት። «የጥቅምት ሃያ የግቢ ጽዳት ነው፣ ፈርምበት። ዝጋው ደግሞ አላልኩህም።» ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ሾጂ የነገረኝን እንዳለ ነው የምነግራችሁ። ሐሙስ ሐሙስ ራሱ ላይ ጥልፍ አስሮ፣ በካሜራ ፊት ለፊት ቆሞ፣ «እኛ» እያለ የሚናገር ሰው፣ በአንድ ደረጃ ሁለት ጊዜ ካደ፤ አንዴ ለማያውቀው ሰው፣ አንዴ ለሚያውቀው። ቤት ሲገባ አክስቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ድንች ያጥባሉ፣ ዜማው አልተቋረጠም። ለካ ሁሌም ያዜሙ ነበር። የአቧራ መሳቢያው ማሽን ሲጮህ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ስንት ጊዜ አይቷል፤ ጸሎት ይመስለው ነበር። ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ከበደው። ቢሰጣቸው ዜማው እዚያው ይሞታል፤ ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ለሁልጊዜ፤ ምናልባትም ቤት እንቀይር ይላሉ፣ ድሮም ቀይረዋል። ባይሰጣቸው ደግሞ ሃምሳ ዓመት የደበቁትን ነገር እሱ ዝም ብሎ እያየ ሳያውቁት ለሰፈር እያደሉ ነው። የሚያምኑት እሱን ብቻ፣ የሚያጋልጣቸውም እሱ። ወረቀቱን ሳይሆን ስልኩን አወጣ። የአኩሪ አተር ስጎው ጠርሙስ ጀርባ አቆመው፣ ቀይዋን ነገር ተጫናት።

አክስት ኪኑ ድንቹን ጥደው እሳቱን ቀነሱና እንደ ልማዳቸው ወለሉ ላይ፣ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡ። ጀርባቸውን የሚያስደግፉት ሁሌም አንድ ቦታ ነው፣ ከኦኖዴራ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ላይ፤ የኦኖዴራ ማሞቂያ በዚያ በኩል ስለሆነ ወገባቸውን ያሞቀዋል። ትራሱን አስተካከሉ፣ ሾጂን አዩት፣ ዝም ያለውን ቤት አዩት። ደንቆሮ ሰው ዝምታ ሲበዛበት ራሱ ይሞላዋል መሰለኝ፣ ያልተጠየቁትን ማውራት ጀመሩ።

«አንተ የአራት ወር ልጅ ነበርክ፣» አሉ። «እናትህ ሆስፒታል ሳለች። ከጣቢያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር፣ ስድስት የወለል ምንጣፍ የምታክል፣ መስኮቷ ወደ ግንብ። ስታለቅስ አያቴ የሚያዜመውን አዜምኩልህ፣ ቶሎ ትተኛ ነበር። ጠዋት የቤት አከራዩ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሰላም ብሎ ነው የገባው። ዘመድ ስለሚመጣብን ክፍሉን እንፈልገዋለን አለ። ዘመድ አልመጣም፣ ከወር በኋላ በዚያ ሳልፍ ክፍሉ ባዶውን ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀየርኩ። ከዚያ ዝም ማለት ተማርኩ፣ አንተንም አስተማርኩህ።» የጠረጴዛውን ጫፍ በጨርቅ ጠረጉ፣ ምንም ሳይኖርበት። «ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ።»

ስልኩ ሦስት ደቂቃ ከዐሥር ሰኮንድ ደርሷል። ሾጂ እጁን ዘርግቶ አጠፋው፣ የቀዳውንም ፋቀው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ባትሪ አልነበረውም» አለኝ። አልተከራከርኩትም።

ከግድግዳው ወዲያም ጸጥታ ነው። አክስት ኪኑ ትንሽ ቆይተው ዜማውን ካቆሙበት ቀጠሉ። በወንዝ ዳር ቤት ውስጥ ታላቅ እህቱ ያሳደገችው ልጅ ነው የሚናገረው፣ በራሱ አፍ፤ ጭጋጉ ውስጥ ስድስት ቀን ሄዷል፣ ጠላቱ ደጅ ደርሷል፣ ሰይፉን ሊመዝ ነው። እዚያ ላይ አቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው ሁለት ስንኝ ደገሙ፣ እንደገና እዚያው ላይ አቆሙ። «ከዚህ አያልፍልኝም፣» አሉ። «ሁሌም እዚህ ነው የሚይዘኝ። አያቴ ሲያዜም ምድጃውን ከበን የተቀመጥነው ሁሉ በእንጨት የምድጃውን ጠርዝ እንመታለት ነበር። ሰይፍ የሚመዘዝበት ቦታ ላይ ያለ ምት መሄድ አይቻልም። ትንፋሹ የሚመጣው ከሚመቱት ሰዎች ነው። ስልሳ ዓመት ለብቻዬ ሞክሬዋለሁ።»

ሾጂ ይኼን በትምህርት ያውቀዋል። ሐሙስ ሐሙስ ከካሴት ጋር የፕላስቲክ ጠረጴዛ ጠርዝ በእርሳስ ይመታል። አሁን ግን እጁ ጭኑ ላይ ቀረ፤ ገና እርሳስ ልፈልግ ወይስ ወረቀቱን ልስጥ እያለ ነው። ያን ጊዜ ግድግዳው ተመታ። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ጊዜ ዘግየት ብሎ። እንደገና ሁለት፣ እንደገና አንድ። የንዴት ምት አልነበረም፤ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ የንዴትን ምት ያውቃል።

አክስት ኪኑ አልሰሙም። ጀርባቸው ግን ቀጥ አለ። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ወደ ኋላ ዞረው ግድግዳውን አዩ፣ መዳፋቸውን አስደገፉበት። ሁለት፣ አንድ። ሁለት፣ አንድ።

«ማነው የሚመታው?»

ሾጂ ከቁርስ ጀምሮ ኪሱ ውስጥ የከረመውን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አክስቱ አርቀው ይዘው አነበቡት፣ አቅርበው ደገሙት። «ከመቼ ጀምሮ?» አሉ። በሹክሹክታ ሊሉት ነበር፣ ከጉሮሮአቸው የወጣው ግን ዛፍ ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ሾጂ በአዲሱ ማርከር «ከቁርስ» ብሎ ጻፈ። «ፍጅሉንም?» ራሱን ነቀነቀ። «የቤት አከራዩንም?» ነቀነቀ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉት፣ ከዚያ ስምንት ቦታ። ቡታጋዙ ላይ ድንቹ ይንተከተካል። አክስትና የወንድም ልጅ ሳይተያዩ ተቀመጡ፤ ሾጂ ይኼ ዝምታ ከዓመታቱ ሁሉ እንደረዘመበት ነግሮኛል፤ ከድንቹ አበሳሰል ግን ስገምተው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያ አራት ደቂቃ ውስጥ አክስት ኪኑ ተነስተው መስኮቱን ሊዘጉ ይችሉ ነበር። ሻንጣ ሊያወጡም ይችሉ ነበር፤ ሻንጣው የት እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ።

መዳፋቸውን ግን ከግድግዳው አላነሱም። ምቱም አላቋረጠም።

«ዘግይታለች፣» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ እየጎተተች ሰይፍ አይመዘዝም። ሂድና ፈጠን በይ በላት።»

ሾጂ የበረንዳውን ጫማ በስህተት አጥልቆ ወጣ። ወይዘሮ ኦኖዴራ በቀኝ እጃቸው የእንጨት ጭልፋ እንደያዙ ከፈቱለት።

«ፈጠን ይበሉ ይላሉ፣» አለ።

«ክንዴ ዝሏል። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ንገራት።»

«ምቱን ከየት አወቁት?»

«ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው። እሷ የአቧራ ማሽኗን ስታስነሳ እኔ ቴሌቪዥኔን እዘጋለሁ። ከማሽኑ ሥር የሚሄድ ነገር ነበር፣ እግሬ ለብቻው ይመታ ጀመር፣ የስፌት መኪና ላይ ስሆን ልኬን የምይዘው በሱ ነው። ዛሬ ገና ቃሉን ሰማሁት። አልገባኝም፣ ግን ሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን አልጠየቋቸውም?»

«እሷ ካልነገረችኝ ምን ብዬ ልጠይቃት? አንተስ ራስህ ሬዲዮ ነው አላልክም?» ኦኖዴራ ጭልፋውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። «የፍጅሉን ጉዳይ ግን ማክሰኞ እንነጋገርበታለን በላት። አሁን በሩን ልቀቅልኝ፣ ልምታ።»

ሾጂ ሲመለስ አክስቱ ትራሱን አውጥተው ጀርባቸውን ለባዶው ግድግዳ ሰጥተዋል። ምቱ በጀርባቸው ሲገባ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሁለት ስንኝ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ሰይፉ ጋ ደረሱ፣ አለፉት። ከሰይፉ ወዲያ ምን እንዳለ ሾጂ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ የሐሙሷ አስተማሪም አታውቀውም። እርሳስ አንስቶ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ። ሁለተኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ አሳለ። ዜማው ድንቹ እስኪያር ሄደ፣ ቡታጋዙን ያጠፋው ሾጂ ነው፣ ለእሳቷ አያትም ይቅርታ ጠየቃት፣ በተማራቸው አራት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ይቅርታ ስለሌለ በጃፓንኛ።

አዲሷ መሣሪያ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣች። አክስት ኪኑ ጆሮአቸው ውስጥ ከተው «ሾጂ» አሉ፣ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙት፣ ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የዚያን ዕለት ያዜሙት በድሮው ልክ ነበር፣ ከሹክሹክታ አንድ ጣት ከፍ ብሎ። ብዙ አልቆየም፣ ግድግዳው ተንኳኳ፤ ምት አይደለም፣ ተራ ኳ ኳ ነው፣ ከኋላው የኦኖዴራ ድምፅ ተከተለ፦ «አይሰማም።» አክስት ኪኑ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አንድ ጣት ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ልኩ በዚህ መንገድ ነው የሚወሰነው፤ ኦኖዴራ ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ አክስት ኪኑ ይጨምራሉ። ሾጂ ሐሙስ ሐሙስ ሄዶ የያዘውን ለክፍሉ ያቀብላል፣ የበሰለ ሩዝ መሆን እንዳለበትም ተናግሯል። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ልክ ሰይፉ ሲመዘዝ፣ የኦኖዴራ ጭልፋ አንገቱ ላይ ተሰበረ። አሮጊቷ ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልለው በር አንኳኩ፣ «አርባ ዓመት ያገለገለኝ ነው፣ በወጉ ሸኝልኝ» ብለው ለሾጂ ሰጡት። አክስት ኪኑም ራሳቸው ሩዝ አበሰሉ።

የማልኩት መሐላ ስላለ፣ ቁልቁለቱንም ስለማውቀው፣ አንድ ነገር ላርም። የጭልፋውን መሰበር የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጭልፋው እስከ ዛሬ ደህና ነው። የተሰነጠቀው ግድግዳው ነው።